ሸረሪቷ የጾመችበት ሰሞን

ጥር 20፣ ረቡዕ

ፌንጣውን አልነካችውም። ትናንት ሣጥኗ ውስጥ ያስገባሁላት ነው። ዛሬ ጠዋት ሳየው እዚያው ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ እሷም ከወዲያኛው ጥግ። ተፋጠው አድረዋል። በወረንጦ አወጣሁትና ወደ ፌንጣዎቹ ባልዲ መለስኩት።

ሱሀይር ቁም ሣጥኑ ላይ ለጥፋው የሄደችው ወረቀት «የበላችበትንና ያልበላችበትን ቀን ጻፍ» ይላል። ስለዚህ እጽፋለሁ። ደብተሩ የድሮ የዕቃ መረከቢያ ነው፣ ግማሹ ባዶ ነበር። እስካሁን «በላች»፣ «አልበላችም» ብቻ ነበር የምጽፈው። ዛሬ ሱቅ ቀዝቅዞ ስለዋለ ነው መሰለኝ እጄ አላቆም አለ።

ሱቅ… ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አልቋል። ጥቁር ዚፕ ሞልቷል፣ የሚጠይቀው የለም። ልብስ ሰፊው ይገረም ለላስቲክ መጥቶ ስለ ሸረሪቷ ጠየቀ። ደህና ናት አልኩት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አሉ፣ ጋሼ ጠሀ!» አለኝ። ይህን ያለኝ ሰው እሱ ዐሥራ አንደኛው ነው። ይቺኛዋ ጉድጓድ ነው የምትቆፍረው፣ አንበሳ የሚያስር ድር የላትም እያልኩ ማስረዳት ደክሞኛል። ሳቅኩለትና ላስቲኩን ለካሁለት።

ጥር 23፣ ቅዳሜ

ሱሀይር ደወለች። ሁልጊዜ ቅዳሜ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«በላች?»

«አልበላችም።»

«ውሃ አላት?»

«አላት።»

«እሺ። ቻው።»

አንድ ደቂቃ ከዐሥራ አራት ሰከንድ። ስልኩ ራሱ ነው የሚጽፈው። እኔ ደህና መሆኔን አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳትም።

ልጄ ናት። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት እያለች ለመስክ ትምህርት ቆላ ወርዳ ይቺን ሸረሪት በማር ብልቃጥ ይዛ መጣች። ያኔ የአንድ ትልቅ የኮት ቁልፍ ያህል ነበረች። አሁን መዳፌን ትሞላለች። ቡኒ፣ ጠጉራም፣ እግሯ ወፍራም። ሱሀይር ታራንቱላ ትላታለች፣ እኔ ሸረሪት። ባለፈው ነሐሴ አርባ ምንጭ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘች። አከራይዋ ሸረሪት ላለው ሰው ቤት አላከራይም አሉ። እኔ አከራይ አይደለሁም… ተረከብኩ። የመስታወት ሣጥን አንድ፣ የፌንጣ ባልዲ አንድ፣ ወረቀት ሁለት ገጽ።

ጥር 27

አልበላችም። ሆዷ ጠቆር ብሏል።

ጥር 30፣ ቅዳሜ

ሆዷ ጠቁሯል ስላት ድምፅዋ ተቀየረ።

«ቆዳ ልትቀይር ነው! በደንብ ጠቁሯል? ወይስ ትንሽ?»

የሱቄን የጥቁር ክር ቀለም ቁጥር ለእሷ መንገር ምን ዋጋ አለው… «ጥቁር ቡኒ» አልኳት።

«እንግዲህ ስማኝ። ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል፣ ሁለት ወርም። እስከዚያ አትበላም። ምንም ሕይወት ያለው ነገር እንዳታስገባባት። ስትቀይር ሁለመናዋ ለስላሳ ነው፣ ፌንጣ ራሱ ይበላታል።»

«ፌንጣ? እሷን?»

«አዎ አባ። ያን ሰዓት ጥርሷ እንኳን እንደ ቅቤ ነው። ተገልብጣ በጀርባዋ ብትተኛ ደግሞ አልሞተችም። ዝም ብለህ ተዋት።»

አራት ደቂቃ ሙሉ አወራን። «አባ» ብላኛለች። ከነሐሴ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ምናልባት ሳታስበው አምልጧት ይሆናል።

የካቲት 5፣ ሐሙስ

ሀጅራ ዛሬም የመስታወት ሣጥኑ ፊት ቆማ አገኘኋት። ታላቅ እህቴ ናት። የሱሀይር እናት ያረፈች ጊዜ ለአርባ ቀን ብላ መጣች፣ ይኸው ስድስት ዓመቷ። ሸረሪቷን «እንግዳዋ» ነው የምትላት።

መጀመሪያ ሣጥኑ ቤት የገባ ዕለት «ወይ እሷ ወይ እኔ» ብላ ሻንጣዋን አውርዳ ነበር። ከዚያ ቆይታ፣ ነቢዩ ዋሻ ውስጥ ሳሉ ደጁን በድሯ የሸፈነችው ሸረሪት ትዝ አለቻት። «ከዚያ ዘር ከሆነች ትቀመጥ» አለች። ሻንጣው ተመለሰ።

አሁን ጭንቀቷ ሌላ ነው።

«ስንት ቀኗ ነው?»

«ምኑ?»

«ካልበላች።»

«አስራ ስድስት።»

«ወይ ታማለች ወይ አኩርፋለች።»

ለሀጅራ ያልበላ ፍጡር ከሁለት አንዱ ነው። ሦስተኛ ነገር የለም። እንግዳ እሷ ቤት ሦስት ጊዜ ካልጎረሰ አይወጣም፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ እንኳን ሰዓቱ አልፎበት ተቀምጦ በልቷል። ቆዳ ልትቀይር ነው ብዬ አስረዳኋት። ራሷን ነቀነቀች። የገባት አልመሰለኝም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

የክርስቲያኖቹ ጾም ገባ። ይገረም ከጠዋቱ ጀምሮ ፊቱ ጠውልጓል፣ ገና በመጀመሪያው ቀን። ሸረሪቷ ሦስት ሳምንት አልበላችም አልኩት።

«ሁዳዴን ቀድማ ያዘች በለኛ!»

«የኛንም ቀድማለች። ረመዷን ከነገ ወዲያ ነው።»

«ከማን ወገን እንደሆነች ሳይታወቅ» አለና ሄደ። እየሳቀ።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ረመዷን። የመጀመሪያው ቀን ሁሌም ይከብዳል፣ ደንበኛው ራሱ ጾመኛ ስለሆነ ማንም ለመከራከር ጉልበት የለውም።

ማታ ስናፈጥር ለሀጅራ «በዚህ ቤት ሦስት ጾመኛ አለ» አልኳት። «ማን ማን?» አለች። ወደ መስታወቱ ጠቆምኩ። ሳምቡሳው በአፏ እንዳለ ሳቀች፣ ውሃ አቀብዬ አዳንኳት። ሀጅራን እንዲህ ካሳቅኳት ቆይቷል።

የካቲት 13

ቀልዱ ሰፈሩን ዞሯል። ለሱብሒ ሶላት ስወጣ አንዱ ጎረቤት «ሸረሪትህም ትጾማለች አሉ፣ ማሻአላህ» አለኝ። ቀልድ ይሁን የምር ፊቱ ላይ አልታየኝም፣ ጨለማ ነበር። ማሻአላህ አልኩ እኔም።

የካቲት 16፣ ሰኞ

አጎራባች ሱቅ ያለው ገበር ሻጩ ዛኪር አንገቱ በሙሉ ሽፍ ብሎ መጣ።

«ሸረሪት ሸናብኝ። ያንተዋ ናት።»

«ከሣጥን ወጥታ አታውቅም።»

«እሷ ካልወጣች ልጆቿ።»

«ልጅ የላትም።»

«ልጅ የላትም፣ አትበላም፣ አትወጣም… ታዲያ ምን ብለህ ነው የምታኖራት?»

አዲሱን ሻርፕ ለሦስት ቀን አውልቀህ እየው አልኩት። ያ ቀይ ቀለም እጅ ላይም ይለቃል፣ ከሱቄ ሆኜ አይቼዋለሁ። አላመነኝም፣ ግን አወለቀው።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

ደወለች። ሁለት ደቂቃ ከስድስት ሰከንድ። አልተንቀሳቀሰችም አልኳት። ጥሩ ነው አለች። ውሃ አላት አልኳት ሳትጠይቀኝ። እሺ አለች። «ሌላስ?» ልል አስቤ… ቻው አለች።

የማይጻፍ ነገር ልጽፍ ነው። ደብተሩን ከእኔ በቀር የሚያየው የለም።

ሱሀይር የተመረቀች ዕለት አልሄድኩም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሐምሌ ላይ። የዚያን ቀን ጠዋት ዕቃ መጣ። ዕቃ ሲራገፍ ባለቤቱ ካልቆመ ካርቶን እግር ያወጣል፤ መርካቶ ውስጥ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እስከ ሦስት ሰዓት ያልቃል ብዬ ልብሴን እንኳን ቀይሬ ነበር፣ ግራጫውን ሱፍ። ዐሥር ሰዓት ላይ አለቀ። በፎቶው ላይ ሀጅራ አለች፣ ጓደኛዋ እምነት አለች፣ የእምነት እናትና አባት አሉ። እኔ የለሁም።

ማታ ከነጋውኗ ቤት ገባች። ሰው ሞልቷል። ምን እንደምል ጨነቀኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ» አልኩና ቀጥዬ «እንግዲህ ሸረሪት ስትቆጥሪ ልትኖሪ ነው?» አልኩ። ቀልዴን ነበር። ማንም አልሳቀም። እሷ ጋውኗን አጥፋ ወደ ክፍሏ ገባች።

አልጮኸችም፣ አልተጣላንም። ከዚያ ወዲህ ግን መነገር ያለበትን ብቻ ነው የምትነግረኝ። መብራት ሄዷል። ቁልፉ ጎረቤት ነው። ውሃ አላት?

ይቺ ሸረሪት ከሞተች ምን ብላ ትደውልልኛለች? እንዲህ ብሎ መጻፍ በእኔ ዕድሜ ያሳፍራል። ግን የምፈራው እሱን ነው፤ ሌላ አይደለም።

የካቲት 27፣ ዓርብ

መሬቱ ላይ ድር አንጥፋለች። ስስ፣ ነጭ፣ እንደ ጥሩ ገበር ጨርቅ። መሐሉ ላይ ቁጭ ብላለች። ሆዷ ከሰል ሆኗል።

ሀጅራ፦ «ሠላሳ ስምንት ቀን! ጾምም እኮ ማፍጠሪያ አለው።»

«ሀጅራ፣ ተያት።»

«ከኔ ቤት ተርቦ የሚያድር ነፍስ… አላህ ይጠይቀናል።»

«ተያት ብያለሁ። ወረቀቱን ላንብብልሽ?»

«እሺ» አለች።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ

ዕቃው ጅቡቲ ከርሞ በመጨረሻ ደረሰ። ሐሙስ ይራገፋል። ዚፕ፣ ቁልፍ፣ የሴት ቀሚስ ጌጥ። ለዒድ የሚሰፉት ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቁት፣ ይገረም በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለሳል። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ ማለት ነው። ጉልበቴ ከአሁኑ ያመኛል።

ሸረሪቷ እንዳለች ናት።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ጣቴ ላይ ገና ዱቄት አለ። በተራ ልጻፈው፣ አለበለዚያ ይምታታል።

አራት ሰዓት ላይ ሀጅራ ደወለች። መኪናው ግማሹ ወርዷል፣ ጫኝና አውራጆቹ ፍጥነት ላይ ናቸው፣ እኔ በር ላይ ቆሜ እየቆጠርኩ ነው። አርባ አንደኛው ካርቶን ላይ ነበርኩ።

«እንግዳዋ ተገልብጣለች» አለች።

ይህን ነው የምንጠብቀው። ወረቀቱ ላይ አለ፤ ብትገለበጥ አልሞተችም፣ ተዋት። ሁሉን አውቃለሁ። ግን የሀጅራ ድምፅ ደስ አላለኝም። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ቶሎ ና ብቻ» አለች። ዛኪርን «ቁምልኝ» አልኩት፣ የወረደውን ወደ ውስጥ አስገባሁ፣ ሱቁን ቆለፍኩ፣ ሄድኩ። አውራጆቹ ከኋላዬ «ጋሼ! ጋሼ! የቀረውስ?» ይላሉ። ከአንዋር መስጊድ እስከ አማኑኤል፣ እስከ ቤቴ ያለውን መንገድ በዚህ ጉልበት በእግሬ… ሰው ሁሉ ሌባ የማሳድድ መስሎት ዘወር ይልልኛል።

ስደርስ በጀርባዋ ናት። አሮጌው ቆዳ ተሰንጥቋል፣ እግሮቿን አንድ በአንድ እየሳበች ነው፣ ከጠባብ ጓንት ጣት እንደሚወጣ። አዲሱ ነጣ ያለ፣ እርጥብ። እና ፌንጣ። ግራ በኩል፣ ሦስተኛው እግሯ ላይ ወጥቶ እየበላት ነው። ትልቅ ፌንጣ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። እሷ ምንም ማድረግ አትችልም።

በወረንጦ አወጣሁት። እግሯ ላይ ጠብታ ወጣ፣ ውሃ የመሰለ፣ ሰማያዊ ነገር ያለው።

ዞር ስል ሀጅራ በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «ትናንት… ለማፍጠሪያዋ… አዛን እስኪል ጠብቄ ነው ያስገባሁላት» አለች። «ጾመኛ ያስፈጠረ አጅሩ፣ ምንዳው… አንተ አይደለህ ጾማለች ያልከው?»

ለሱሀይር ደወልኩ። ሐሙስ ነው፣ ሥራ ላይ ናት፣ ደውዬላት አላውቅም። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«ሞተች?»

«አልሞተችም። እየቀየረች ነው። ፌንጣ እግሯን በላት።»

«ፌንጣው ወጣ?»

«ወጣ። ይፈሳታል።»

«ዱቄት አለ? ማንኛውም ዱቄት።»

የሳምቡሳ ፉርኖ ዱቄት ነበር።

«በጆሮ ጥጥ ጫፍ። ቁስሉ ላይ ብቻ፣ አትጫናት። ነካ አድርገህ ተዋት።»

ነካ አድርጌ ተውኳት። ሁለቴ። በሦስተኛው መፍሰሱ ቆመ።

ሱሀይር ስልኩን አልዘጋችም። ወሬም የለም። በየመሐሉ «እየወጣች ነው?» ትላለች፣ «እየወጣች ነው» እላለሁ። አርባ አንድ ደቂቃ። የመጨረሻው እግር ሲወጣ ነገርኳት። ትንፋሿ ተሰማኝ።

ከዚያ «ፌንጣውን ማን አስገባው?» አለች።

ሀጅራ አሁንም በሩ ላይ ናት፣ ዓይኗ እኔ ላይ።

«እኔ» አልኩ።

«ወረቀቱ ላይ ጽፌልህ ነበር» አለች። ዘጋች።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

በሕይወት አለች። ተመልሳ በእግሮቿ ቆማለች። ቀለሟ ያምራል፣ እንዲህ ያለ ቡኒ አላውቅባትም ነበር። የተበላውን እግር ግን ራሷ ጥላዋለች፣ ጠዋት ድሩ ላይ ወድቆ አገኘሁት።

ቆዳውን በወረንጦ አወጣሁት። እንደ ሴት ስቶኪንግ ቀላል ነው። ጥርሱ ሳይቀር፣ የጥፍሩ ጫፍ ሳይቀር አለ። ቆዳው ስምንት እግር አለው። እሷ ሰባት። ሁለቴ ቆጠርኩ።

ባዶ የቁልፍ ካርቶን ውስጥ ጥጥ አንጥፌ አስቀመጥኩት።

ሱቅ… ሁለት ካርቶን እግር አውጥቷል። ዛኪር በልጆቹ ማለ። አንገቱ ድኗል፣ አስተዋልኩ። ካርቶኖቹን አልፈለግኳቸውም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

አልደወለችም። እስከ አንድ ሰዓት ስልኩን እኪሴ አልከተትኩም።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ፎቶ ላክሁላት። በደህናው በኩል አንስቼ ነበር፣ በቀኝ። ልልከው ስል አፈርኩና በግራ በኩል ደግሜ አነሳሁ፣ ጉድለቱ እንዲታይ። ማየቷን የሚናገረው ሁለት ሰማያዊ ምልክት መጣ። መልስ የለም።

ሀጅራ ሾርባዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ሀጅራ! «እኔ ያጠፋሁትን ለምን ወሰድከው?» አለችኝ።

«ጾማለች ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያመንሽው ቀልዴን ነው።»

«ቀልድህ አንድ ቀን ይገድለናል።»

እውነቷን ነው። ሁለት ጊዜ ቀለድኩ፣ ሁለቱም እዚያችው ልጅ ላይ አረፈ።

መጋቢት 11፣ ዓርብ

ዒድ። ሰግደን ተመለስን። ሱሀይር ለሀጅራ በድምፅ ረጅም መልእክት ላከች። ለእኔ «ዒድ ሙባረክ»። ሁለት ቃል። እኔም «ዒድ ሙባረክ» አልኩ፣ ሁለት ቃል።

ከምሳ በኋላ ሀጅራ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። የሀጅራ ሹክሹክታ ከወትሮው መንገድ ድረስ ይሰማል። ዛሬ ምንም አልተሰማም። ሩብ ሰዓት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፣ አላየችኝም፣ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ወዲያው የኔ ስልክ ጮኸ።

«አባ።»

«ወይ።»

«ሱቁን ዘግተህ ነው የመጣኸው?»

ሌላ ጥያቄ ነበር የጠበቅኩት። ለምን ዋሸኸኝ፣ ለምን አክስቴ ናት አላልክም… የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። ይህን አላዘጋጀሁም።

«ማን አለሽ?»

«አክስቴ ሁሉንም ነገረችኝ። ዕቃ እየተራገፈ?»

«ግማሹ ወርዶ ነበር» አልኩ።

ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም፣ ኔትወርኩም ደህና አልነበረም።

«የዚያን ቀንም መዝጋት ነበረብኝ» አልኩ። የትኛውን ቀን እንደሆነ አልተናገርኩም።

«አዎ» አለች። «ነበረብህ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። ግን አልዘጋችም። ቆይታ፣ እግሩ በሚቀጥለው ቆዳ ቅየራ ትንሽ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ባለው ደግሞ ከሌሎቹ ይስተካከላል አለችኝ። «ዓመት ሊፈጅ ይችላል» አለች። እጠብቃለሁ አልኳት። ስለ ሸረሪቷ እንዳወራሁ ነው የመሰላት መሰለኝ… ወይም አልመሰላትም።

ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ አለቀስኩ። ብዙ አይደለም። ሀጅራ ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተችው።

መጋቢት 20፣ እሑድ

በላች። ከስልሳ አንድ ቀን በኋላ። ትንሽ ፌንጣ መርጬ ነው የሰጠኋት፣ ጥርሷ መጠንከሩን ሱሀይር በፎቶ አይታ ከፈቀደች በኋላ። በሰባት እግሯ ዘልላ ያዘችው። ሀጅራ ከአጠገቤ ቆማ «ቢስሚላህ» አለችላት።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

ይገረም ከፋሲካ ተመልሶ፣ ፊቱ ወዝ ጠግቦ።

«ጋሼ ጠሀ፣ ሸረሪቷ ፈሰከች?»

«ካንተ በፊት።»

ስለ አንበሳው ሳይናገር ሄደ።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ዛሬ በምሳ ሰዓት ደወለች፣ ያለ ሰዓቷ። ደነገጥኩ። ምንም አልሆነችም። የቦርሳዋ ዚፕ ጥርሱ ተዘርግፎ ነው።

«አርባ ምንጭ ዞርኩ፣ አንዱም አይገጥምም። አንተ ሳታየው ታውቀዋለህ ብዬ ነው።»

ሳላየው አወቅሁት። ጥርሱን አስቆጠርኳት፣ በሁለት ጣት ስፋት ውስጥ ስንት እንዳለ። ቁጥር አምስት፣ ናይለን፣ ተንሸራታቹ ባለ ሁለት ፊት። አለ፣ በሽ አለ። ነገ በመኪና እልካለሁ አልኳት።

«አትላክ። ለአረፋ ስመጣ ራሴ እወስደዋለሁ።»

«ትመጫለሽ?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም።»

ከዚያ ወሬው ቀጠለ። የቤቷ ጣሪያ ያፈሳል፣ አከራይዋ ባልዲ ነው ያቀረቡላት። አለቃዋ ስሟን አሁንም ሱሄር ነው የሚለው። እምነት ልታገባ ነው፣ የሚዜዎቹን ቀሚስ ቁልፍ ከእኔ ሱቅ ካልሆነ ብላለች። ጉልበቴን ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ከሮጥኩ ወዲህ ያመኛል አልኳት። «ቁጭ ብለህ ታማርራለህ እንጂ አትታከምም» ብላ ተቆጣች። እንደ እናቷ ነው የምትቆጣው። እንድትጨርስ አልፈለግኩም።

ሃያ ሦስት ደቂቃ።

ከዘጋሁ በኋላ ሱቁን ከፍቼ፣ ክር መዝኜ፣ ሁለት ደንበኛ ሸኝቼ ነው ትዝ ያለኝ። ደህና ናት ወይ አላለችም። እኔም አልነገርኳትም። ሁለታችንም ሸረሪቷን ረስተናታል።

ማታ ቤት እንደገባሁ መጀመሪያ ወደ ሣጥኑ ሄጄ ውሃዋን ሞላሁላት።